ለአንተ «አቶ» ነው፦ ስለ ስድብ ቃላትና ስለ ተናጋሪዎቻቸው የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ስድብ ትናገርልናለህ» ሲሉኝ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። «ደግሞ ስድብ ልታስተምር ነው?» አለችኝ። አይደለም። ስድብ አስተማሪ አይፈልግም። ሁላችንም ሳንማር ነው የቻልነው።

እኔ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። የሕግ ሰውም አይደለሁም። ወደ መድረክ ስወጣ እንዳያችሁት በክራንች የምሄድ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ይዞብኝ ቀረ። ስለዚህ ስለ ስድብ ቃል የማውቀው ካነበብኩት ይልቅ ከኋላዬ ሲባል በሰማሁት ነው።

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በአካሉ የሚያዋርድ ቃል አለ። ይህን ቃል ማን ቢለው ነውር ነው? ማን ቢለው አይደለም? «በቀልድ ነው ያልኩት» የሚል ሰው ይታለፋል? የሚሰደበው ወገን ራሱ ቢለውስ?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ አንዱ ሲለው የሚያስቅ ቃል ሌላው ሲለው ለምን እንደሚያም። ሁለተኛ፣ «ዐውዱ ይታይልኝ» የሚለው ክርክር እስከ የት እንደሚያስኬድ። ሦስተኛ፣ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት። ሦስተኛውን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ማሳሰቢያ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሌላው፣ በሰው ላይ የሚወረወሩትን ቃላት በተቻለኝ መጠን አልጠራቸውም። በእኔ ላይ የሚወረወረውን ግን እጠራዋለሁ። ለምን እንደለየሁት እየቆየ ይገባችኋል። ካልገባችሁ በጥያቄ ሰዓት ትይዙኛላችሁ።

እሺ፤ አንደኛው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን አራት ሆነን አንድ ዶርም ውስጥ ነበርን። ከአራታችን አንዱ ይንተባተባል። መንተባተቡ ደግሞ የዋዛ አይደለም። አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ ሻይ አፍልተህ ትጠጣለህ። እኔ እሱን «ካሴቱ» እለዋለሁ። ያ የድሮ ካሴት ቴፑ ሲነክሰው እንደሚሆነው ማለቴ ነው። ወጣቶቹ አታውቁትም፣ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። እሱ ደግሞ «አንካሴ» ይለኛል። እስካሁን እንደዚያው ነን። ስልኬ ጠርቶ ሳነሳው ረጅም ዝምታ ካለ እሱ ነው። ዝምታው ሲያልቅ «አ... አ... አንካሴ» ይላል። ደስ ይለኛል። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል።

ከዓመታት በኋላ ከአራታችን አንዱ አገባ። ሠርጉ ላይ የሙሽራው የሥራ ባልደረባ የሆነ ልጅ እኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጨዋታ የሚወድ፣ ደስ የሚል ልጅ ነው። ክፉ አይደለም፣ ይህን ያዙልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስንሳሳቅ ሰማን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንካሴ፣ እስቲ ያንን ጠርሙስ አቀብለኝ» አለ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። እኔ ጠርሙሱን ላነሳ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ። የሚንተባተበው ጓደኛዬ አፉን ከፈተ። ሁላችንም ጠበቅን። እኛ እሱን መጠበቅ ለምደናል። ልጁ ግን አልለመደም፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። በመጨረሻ መጣ።

«ለ... ለ... ለአንተ አ... አቶ ነው።»

አዎ፣ እኛም እንደ እናንተ ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ ጠጋ አለኝና «ይቅርታ ጋሼ። ግን እነሱ ሲሉህ ምንም አላልክም እኮ። እኔ ስለው ምን ለየው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ትከሻውን መታ አድርጌ ጠርሙሱን አቀበልኩት። ያ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። የዛሬውን ንግግር ለዚያ ልጅ የዘገየ መልስ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ምን ለየው? ቃሉ ያው ቃል ነው። እንዲያውም ልጁ ከጓደኛዬ አጥርቶ ነው የተናገረው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ክራንቼ ደረጃ ላይ ተሰበረ። ሌላ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዶርማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ያወረደኝ፣ ማታ ያወጣኝ ያ ጓደኛዬ ነው። በጀርባው አዝሎ። በየፎቁ መታጠፊያ ቆም ይልና «ከ... ከበድክ አንካሴ» ይለኛል። ላቡ አንገቱ ላይ ሲወርድ ይታየኛል። እንግዲህ ይህ ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ እኔ የምሰማው እነዚያን ደረጃዎች ነው። ከሠርጉ ልጅ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር እሰማለሁ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ ከኋላዬ ተሰልፈው አካሄዴን እየቀዱ የሚከተሉኝ ልጆች ነበሩ። እነሱን ነው የምሰማው። ልጁ ይህን ከየት ያውቃል? አያውቅም። አለማወቁ አይደለም ጥፋቱ። ሳያውቅ ዘው ብሎ መግባቱ ነው።

«እንግዲያው ነገሩ መዋደድ ነው፤ የተዋደደ ይባባል» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን አይደለም። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። አይቼው የማላውቅ ሰውዬ በሁለት ክራንች እየተወዛወዘ መጣና «እህ፣ አንካሳው፣ ወረፋው ካንተ በኋላ ነው?» አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። ይህ ሰው ደረጃ ላይ አላዘለኝም። ስሜንም አያውቅም። ግን ቃሉ እኔ ላይ ሲወድቅ እሱም ላይ ይወድቃል። ያንን ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ መንገዱ አንድ አይደለም። አንዱ በመሸከም ያገኘዋል፣ አንዱ አብሮ በመመታት። የሠርጉ ልጅ ሁለቱም አልነበረውም። እንደሳቅን አየና ሳቁን ብቻ ፈለገ።

ይህ የእኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በጥቁሮች ላይ የሚባለውን፣ በእንግሊዝኛ በ«ኤን» የሚጀምረውን ቃል ታውቁታላችሁ። ጥቁር ራፐሮች በየዘፈኑ ይሉታል፤ ነጭ ሲለው ግን ጉድ ይፈላል። በ2018 ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር አላባማ ውስጥ ኮንሰርት ላይ አንዲት ነጭ አድናቂ ወደ መድረክ ጠራ። ማይክ ሰጣትና የራሱን ግጥም አብራው እንድትል ጋበዛት። ቃሉ ግጥሙ ውስጥ አለ። አለችው። ሙዚቃው ቆመ፤ ሕዝቡ ጮኸባት። ያቺን ቃል መዝለል እንዳለባት ነገራት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለልጅቷ አዝኛለሁ። ማይክ ሰጥተህ፣ ግጥም ሰጥተህ፣ አንዷን ቃል ስትል ታቆማታለህ? ግን ደግሞ እኔም የሠርጉን ልጅ እንደዚያው አደረግሁት። ግማሽ ሰዓት አብሬው ስቄ፣ ከዚያ እጄን አየር ላይ አቆምኩበት።

የቃሉ ባለቤቶችም እርስ በርስ አይስማሙም። ኮሜዲያኑ ሪቻርድ ፕራየር ዝነኛ የሆነው ያንን ቃል እንደ ጨው እየነሰነሰ ነው። በ1979 ወደ ኬንያ ሄደ። ሲመለስ «ሁለተኛ አልለውም» አለ። ዙሪያውን ቢያይ፣ ያ ቃል የሚገልጸው አንድም ሰው አጣ። በ2007 ደግሞ ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ የተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ዲትሮይት ላይ ለቃሉ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገለት። በፈረስ የሚጎተት የሬሳ ሣጥን ሳይቀር። ቀባሪው ብዙ ነበር። ሟቹ ግን እስካሁን በየዘፈኑ ይኖራል።

አንደኛው ረዘመብኝ መሰለኝ። ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

«ዐውዱ ይታይልኝ።» ይህን ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? አንድ ባለሥልጣን ሲሳሳት «ከዐውዱ ውጭ ተወስዶብኝ ነው» ይላል። አንድ ጎረምሳ ሲሳደብ «ሲጫወት ነው» ይላል እናቱ። ዐውድ አስፈላጊ ነው። እኔም ለዐውድ ነው የምከራከረው። ግን ዐውድ ማለት ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። ቃሉን መጥራትና በቃሉ መሳደብ ይለያያሉ። ዳኛ በስድብ የተከሰሰን ሰው ሲዳኝ ቃሉ መዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት። ሐኪምም፣ አስተማሪም፣ ጋዜጠኛም አንዳንዴ ቃሉን መጥራት ግድ ይሆንባቸዋል። ይህን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን እዚህም ጉዳዩ እንደሚመስለን ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ የማውቃት ሴት በመሥሪያ ቤት ተሰድባ ከስሳ አብሬያት ችሎት ገባሁ። ዳኛዋ «ምን አለሽ? ቃሉን ተናገሪው» አሏት። ሴትየዋ ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በመጨረሻ «ልጻፈው?» አለች። ብጣሽ ወረቀት ሰጧት። ጻፈች፣ ለሁለት አጠፈች፣ አቀበለች። ዳኛዋ ከፍተው አነበቡና ድምፃቸውን ሳያሰሙ መልሰው አጠፉት። ከዚያ ለጸሐፊዋ ሰጧት። ችሎቱ ውስጥ ቃሉ አንድም ጊዜ አልተጠራም። ግን ሁላችንም የሰማነው ያህል ሆነ።

ዳኛዋ ቃሉን ጮክ ብለው ቢያነቡት ጥፋተኛ ነበሩ? አልነበሩም። ሥራቸው ነው። ግን ሲታጠፍ ያየሁት ያ ወረቀት እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

በተቃራኒው ደግሞ አለ። በ2018 የኔትፍሊክስ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ሥራውን አጣ። ስብሰባው ስለ ምን ነበር? በኮሜዲ ውስጥ ስለሚነገሩ አስቀያሚ ቃላት። ሰውየው ያንን በ«ኤን» የሚጀምረውን ቃል እንደ ምሳሌ ጠራው። ቅር ተሰኝተው ነገሩት። ከዚያ ጉዳዩን ሊያስረዳ ጥቁር የሰው ኃይል ባልደረቦቹ ዘንድ ገባና ደገመው። የመጀመሪያውን ይቅር እለዋለሁ። ሁለተኛውን ግን... እንዴ ወንድሜ!

አሁን ወደ ኳስ። ኳስ የማትወዱ ታገሡኝ፣ ያጠረ ነው።

በጥቅምት 2011 ሊቨርፑልና ማንቸስተር ዩናይትድ በአንፊልድ ሲጫወቱ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝ የዩናይትዱን ፓትሪስ ኤቭራን በስፓኒሽ «ኔግሮ» አለው። አያችሁ፣ አልጠራም ያልኩትን ጠራሁ። በስፓኒሽ «ጥቁር» ማለት ብቻ ስለሆነ ነው። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። ሱዋሬዝ «በአገሬ በኡራጓይ ወዳጅ ከወዳጅ የሚጠራራበት ቃል ነው» ብሎ ተከራከረ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ያቋቋመው ኮሚሽን የስፓኒሽ ቋንቋ ምሁራን ጠርቶ አስመሰከረ። ምሁራኑ ምን አሉ? አዎ፣ ኡራጓይ ውስጥ የፍቅር ቃል ይሆናል። ግን ኤቭራ እንደሚለው በጠብ መሀል ከተባለ ኡራጓይም ውስጥ ስድብ ነው። 8 ጨዋታና 40,000 ፓውንድ ተቀጣ። እስቲ ንገሩኝ፣ በግብ ክልል ውስጥ ሲጓተቱና ሲቆናጠጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ድንገት ወዳጅ ሆኑ?

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሌላ ኡራጓያዊ። ኤዲንሰን ካቫኒ። በኅዳር 2020 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሳውዛምፕተን ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ጎል አገባ፤ 3 ለ 2 አሸነፉ። አንድ ወዳጁ በኢንስታግራም እንኳን ደስ ያለህ ሲለው፣ ያችኑ ቃል በቁልምጫ አድርጎ አመሰገነው። 3 ጨዋታና 100,000 ፓውንድ። የኡራጓይ የቋንቋ አካዳሚ ሳይቀር ተቆጥቶ መግለጫ አወጣ። የፍቅር ቃል ነው፣ ባህላችን አልገባችሁም አለ። ለእኔም የካቫኒ ቅጣት በዛ። በሁለቱ መሀል ሰማይና ምድር ነው ያለው። ግን ካቫኒ አንድ ነገር ረስቷል። ጓዳ ውስጥ የሚባለውን አደባባይ ላይ አለው። ለወዳጁ የጻፈውን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ነው ያነበበው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ስለ ራሴ ጥፋት ስናገር እመለስበታለሁ።

ቶተንሃሞችስ? የዚህ የለንደን ክለብ ደጋፊዎች «የአይሁድ ክለብ» እየተባሉ፣ አይሁዶችን በሚያዋርድ ቃል ለዓመታት በተቃራኒ ደጋፊዎች ይሰደባሉ። በእንግሊዝኛ በ«ዋይ» የሚጀምር አጭር ቃል ነው። የቶተንሃም ደጋፊዎች ምን አደረጉ? ቃሉን ቀሙትና የራሳቸው ጭፈራ አደረጉት። «አዎ፣ እኛ እነሱ ነን» ብለው መዝፈን ጀመሩ። ያምራል አይደል? አንድ ችግር አለ። ከዘፋኞቹ አብዛኞቹ አይሁድ አይደሉም። በ2013 ሦስት ደጋፊዎች ተከሰሱ፤ በ2014 ክሱ ተነሣ። በ2019 ክለቡ ደጋፊውን ሲጠይቅ ከ23,000 በላይ ሰው መለሰ። በ2022 «በቃ፣ እንተወው» ብሎ ጠየቀ። ዘፋኙ ለወዳጅነት ነው የሚዘፍነው፣ አልጠራጠርም። ግን ከስታዲየም ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ማሊያውን ያወልቃል። አይሁዱ ምን ያወልቃል?

እኔ የሠርጉን ልጅ ያየሁት እዚያ ስታዲየም ውስጥ ነው። በሺዎች ተባዝቶ።

ቃሉን የመቀማት ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። ሳይመን ታም የሚባል እስያዊ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ አለ። እሱና ጓደኞቹ የእስያ ሰዎች ዓይን የሚሰደብበትን ቃል የባንዳቸው ስም አደረጉት። የስድቡን መርዝ እናውጣ ብለው። መንግሥት «ይህ ስም ያዋርዳል፣ አልመዘግብም» አላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በ2017 ጉዳዩን ያዩት ስምንቱም ዳኞች ፈረዱላቸው። ደስ አላችሁ? ቆዩ። በዚያው ውሳኔ ሌላ ማን ተጠቀመ? የዋሽንግተን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን። እሱ ደግሞ የቀደምት አሜሪካውያንን የሚያዋርድ ስም ይዞ ይነግድ ነበር፣ ቀደምት አሜሪካዊ ሳይሆን። ሕጉ ሁለቱን መለየት አልቻለም። ስለዚህ እኔ ይህን ጉዳይ ለሕግ ብቻ መስጠት አልፈልግም። ቡድኑ ስሙን የተወው በ2020 ነው፤ ዳኛ አዝዞት አይደለም፣ ስፖንሰሮች ፊት ሲያዞሩበት እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ጊዜ የምንረሳው። ቃሉ ራሱ ንጹሕ ሆኖ የሚሰድብበት ጊዜ አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ የማዕድን ኩባንያ ሠራተኛ በመኪና ማቆሚያ ተናደደና ስብሰባ ላይ ገብቶ «የዚያን ጥቁር ሰውዬ መኪና አንሡልኝ» አለ። በአፍሪካንስ። «ጥቁር ሰው» ስድብ ነው? መዝገበ ቃላት ብታገላብጡ አይደለም። ተባረረ። አንዱ ችሎት ሲፈርድለት፣ ሌላው ሲፈርድበት ቆይቶ በ2018 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት መባረሩ ተገቢ ነው አለ። በዚያች አገር፣ በዚያ ታሪክ፣ በዚያ አነጋገር ቃሉ ስድብ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 በሬዲዮ ሰዎች «በረሮ» ሲባሉ ነበር። በረሮ ነፍሳት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ምን እንዳስከተለ ታውቃላችሁ። አሩሻ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 የሚዲያ ሰዎቹን ጥፋተኛ ብሏቸዋል።

የእኛው አማርኛም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። «ደንቆሮ» ማለት ጆሮው የማይሰማ ማለት ነበር። ዛሬ አላዋቂውን ሁሉ «ደንቆሮ» እንለዋለን። «ሽባ የሆነ አስተዳደር»፣ «ዓይነ ስውር ድጋፍ»፣ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም»። ማንንም ለመስደብ አስበን አይደለም። ግን መስማት የተሳነው ሰው ይህን በምልክት ቋንቋ ሲተረጎምለት አስቡት። እንግሊዝ ውስጥ ሴሬብራል ፖልሲ የሚባለው የአንጎል ጉዳት እንቅስቃሴያቸውን የያዘባቸውን ሰዎች የሚረዳ አንድ ትልቅ ድርጅት ነበረ። ስሙ ከሕመሙ መጠሪያ የተወሰደ ነበር። መጠሪያው በየትምህርት ቤቱ ስድብ ሲሆን በ1994 ስሙን ለመቀየር ተገደደ። ስም መቀየር ይረዳል፣ አልቃወምም። ግን የሚሳደብ ሰው አዲሱንም ይማረዋል። የሰፈር ልጅ ቃል አያልቅበትም።

ታዲያ ዐውድ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ዐውድ ሲል «እኔ ያሰብኩት» ማለቱ ነው። «ልቤን ታውቁታላችሁ፣ ክፉ አላሰብኩም።» ወዳጄ፣ ልብህ ውስጥ ያለው ዐውድ አይደለም። ልብህ አይታይም። ዐውድ ማለት አንተ ማን ነህ፣ ለማን አልከው፣ የት አልከው፣ ሌላ ማን እየሰማ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በእጅህ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹን ሰሚው ነው የሚያውቃቸው። ስለዚህ ዐውዱን ጠርተህ ስትከራከር ለአንተ ብቻ የሚመሰክር ምስክር እየጠራህ እንዳይሆን ተጠንቀቅ።

ይህን በአፌ ሳውቀው ቆየሁ። በልቤ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ሦስተኛው ነገር ይኸው ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ንግግር እንዳደርግ ተጠራሁ። አዳራሹ በተማሪ ጢም ብሏል። ልጆች ፊት ስትቆም መጀመሪያ ማሳቅ አለብህ፣ አለዚያ ያልቅልሃል። ስለዚህ በራሴ እግር ላይ አንድ ቀልድ ተናገርኩ። ያቺ ቃል አለችበት። ቀልዱን አልደግመውም፤ ለምን እንደማልደግመው እነግራችኋለሁ። ብቻ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህራኑም ሳቁ። እኔ ደግሞ ሲሳቅልኝ ጨመርኩበት። ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። አልሳቀችም። ቀኝ እግሯ ላይ የብረት ድጋፍ አለ፤ ቀሚሷን ወደ ታች ጎተተችበት። አየኋት። እንዳየኋት አስታውሳለሁ። ምናልባት ዓይን አፋር ናት ብዬ አለፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቷ ደወሉልኝ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቹ ልጅቷን በዚያች ቃል መጥራት እንደጀመሩ ነገሩኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ብለዋት አያውቁም። መምህሩ ሲቆጣቸው ምን አሉ? «እንግዳው ራሳቸው ብለውታል፤ ስድብ አይደለም።»

ገባችሁ? ፈቃዱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ዐውዴ ሙሉ ነበር። ቃሉ የእኔ ነው። እግሩ የእኔ ነው። ቀልዱ በራሴ ላይ ነው። ማን ምን ይለኛል? የሠርጉን ልጅ እንደጠየቁት እኔን የሚጠይቀኝ አልነበረም። ግን ቃሉ የእኔ ብቻ አልነበረም። የእሷም ነበር። እሷን አላስፈቀድኳትም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ አገናኙን። ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ የእኔ ክራንች በግድግዳው ተደግፏል፣ የእሷ እግር ወደ ፊት ተዘርግቷል። ይቅርታ ጠየቅኋት። ብዙ አወራሁ፣ እንደ ልማዴ። ስለ ራሴ ልጅነት፣ ስለነዚያ ከኋላዬ ስለሚከተሉኝ ልጆች። ጨርሼ ዝም ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«እርስዎ ተናግረው ሄዱ» አለችኝ። «እኔ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ቀረሁ።»

ይኼው ነው። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ የተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ ቆሜ ተናገርኩ፤ ትንሽ ረዳ፣ ብዙ አልረዳም። አንድ ዓመት ያህል እንደፈጀ እናቷ በኋላ ነግረውኛል።

ካቫኒን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከጓደኛዬ ጋር በስልክ የምንባባለው በሁለታችን መሀል ነው የሚቀረው። መድረክ ላይ ያልኩት ግን እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ እሱ እዚያው ይቀራል። ማን እንደሚያነሳው አላውቅም። ኬንድሪክም እንደዚያው ነው፣ ይቅር ይበለኝና። ጎበዝ ሰው ነው። ግን ቃሉን በዓለም ሁሉ ስልክ ውስጥ ከጨመሩት በኋላ አንዲት አድናቂ አነሳችው ብሎ መገረም ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ነገር አዋቂው ከመሀላችሁ ይነሣና «ታዲያ ዛሬ ስንት ጊዜ አልከው?» ይለኛል። ልክ ነህ። ሳልቆጥር አልቀረሁም። እዚህ ልጆች እንደሌሉ አዘጋጆቹን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ይህ ንግግር ተጽፎ እንደሚወጣ ግን አውቃለሁ፤ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ለዚያች ልጅ ደወልኩ። አሁን 19 ዓመቷ ነው። ታሪኩን ልናገር ወይ አልኳት። «ይናገሩ» አለች። ስሟን እንዳልጠራ ለመነችኝ። ትንሽ አሰበችና «ቀልዱን ግን አይድገሙት። አሁንም ያስቃል፣ እሱ ነው ችግሩ» አለችኝ።

ሰዓቴ አልቋል፤ አዘጋጁ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። አየሁህ።

አንድ ነገር ብቻ። ያ የደረጃው ጓደኛዬ ዛሬ እዚህ አለ። በስተግራ፣ መስኮቱ አጠገብ። አትዙሩበት፣ ያፍራል። ከዚህ ስንወጣ በሩ ላይ ጠብቆ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አውቃለሁ። እሱ ይበለኝ። እናንተ «አቶ» በሉኝ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እሱን የምትጠይቁ ካላችሁ ደግሞ ይመልስላችኋል። ጊዜ ብቻ ስጡት።